38 ዓመት ታገሠ፤ ከዳነ በኋላስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከዘወረደ ማግስት የጀመርነው ጾም እነሆ ሦስት ሳምንት ሞላው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም ብርቱዎች ነበርን። ለማስቀደስ፣ ለመስገድ፣ እስከ ሰዓቱ ለመቆየት ጉልበት ነበረን። አሁን ግን ድካም ይመጣል። ሰውነት ይዝላል፤ ልብም “ገና ስንት ቀረው?” እያለ ቀን መቁጠር ይጀምራል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ የድካም ሰሞን የምታሳስበን ከሁላችንም ይልቅ የደከመውን ሰው ነው፤ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛውን።

ስሙን መከራ የወሰደበት ሰው

መፃጉዕ ማለት ድውይ፣ በደዌ የተያዘ ማለት ነው። የሰውዬው መጠሪያ ስም አይደለም። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ታሪኩን በምዕራፍ 5 ሲጽፍልን ስሙን አልነገረንም። እስቲ አስቡት፣ 38 ዓመት የታመመን ሰው አላፊ አግዳሚው በስሙ መጥራት ይተዋል። “ያ በሽተኛ” ይባላል። በእኛስ ሰፈር እንዲህ አይደል? “ያቺ ልጇ የሞተባት”፣ “ያ ሥራ ያጣው”፣ “ያቺ ልጅ ያልወለደችው” እንላለን። መከራ ሲረዝም የሰውን ስም ይወስዳል። በጥምቀት የሰጠንን ስም የማይረሳ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

በኢየሩሳሌም በበጎች በር አቅራቢያ በነበረችው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ አምስት መመላለሻዎች ነበሩ። ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለባቸው ሰዎች እዚያ ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቁ ነበር። መልአክ ወርዶ ውኃውን ሲያናውጠው የሚድነው ቀድሞ የገባው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው እዚያ በተኛበት ዘመን ስንት ጊዜ ውኃው ሲናወጥ አይቶ ይሆን? ስንት ጊዜስ ሌላው ቀድሞት ገብቶ፣ ድኖ፣ ደስ ብሎት ሲወጣ ተመልክቶ ይሆን? ከበሽታው ይልቅ የሚያቆስለው ይህ ነው፤ እኛ ሳንድን ሌላው ሲድን፣ ለእኛ ሳይሞላልን ለጎረቤታችን ሲሞላለት ማየት።

ጌታችን ወደ እርሱ መጥቶ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬው ግን መፈለጉን እንኳ አልተናገረም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው የነገረው። ልብ በሉ! ስለ እኛ ሰው የሆነው አምላክ ፊቱ ቆሞ ሳለ እርሱ ሰው እንደሌለው ይነግረዋል። ጌታችን ግን አልተቆጣውም። በቃሉ አስነሣው። ሰውዬውም ስንት ዘመን የተሸከመችውን አልጋ እርሱ በተራው ተሸክሟት ሄደ።

የዳነች እጅ

የብዙዎቻችን ስብከት እዚህ ላይ ያበቃል። “እግዚአብሔር ቢዘገይም ይደርሳል፤ ታገሡ” ብለን እንለያያለን። እውነት ነው፣ ይደርሳል። የመፃጉዕ ታሪክ ግን እዚህ ላይ አያልቅም።

ጌታችን በኋላ በመቅደስ አገኘውና ከቀድሞው የባሰ እንዳያገኘው ዳግመኛ ከመበደል እንዲጠበቅ አስጠነቀቀው (ዮሐ. 5፥14)። አባቶቻችን በትርጓሜ እንደሚያስተምሩን ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲሁ የተነገረ አይደለም። ጌታችን በዕለተ ዐርብ ተይዞ በሊቀ ካህናቱ ፊት በቆመ ጊዜ በጥፊ የመታው ሎሌ (ዮሐ. 18፥22) ይኸው መፃጉዕ ነው ይሉናል። 38 ዓመት ሰልላ የኖረች እጅ በዳነች ጊዜ የአዳኟን ፊት መታች!

ታዲያ ይህ ሰው ምን ጎደለው? ትዕግሥት እንዳንል 38 ዓመት ችሏል። የጎደለው መታመን ነው። መታገሥና መታመን ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አማራጭ ያጣ ሰው ሁሉ ይታገሣል። የታሰረ ሰው እስሩን ይችላል፣ የታመመም ሕመሙን ይችላል፤ ወዴት ይሄዳል? መታመን ማለት ግን መሄጃ እያለ አለመሄድ ነው። በር ተከፍቶልን፣ “ግባ” ተብለን፣ ያ በር ከእግዚአብሔር የሚለየን ስለ ሆነ ብቻ ውጭ መቅረት ነው። በችግር ውስጥ ብዙ ዓመት መኖራችን ብቻውን ታማኞች አያሰኘንም። በዚያ ሁሉ ዓመት ማንን ይዘን ኖርን? ሲያልፍልንስ ማንን ይዘን እንወጣለን? ጥያቄው ይህ ነው።

ዮሴፍ በጉድጓድም በዙፋንም

ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰልን ጻድቁ ዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ ሲሸጡት የ17 ዓመት ልጅ ነበር (ዘፍ. 37፥2)። በፈርዖን ፊት ሲቆም ዕድሜው 30 ነው (ዘፍ. 41፥46)። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። ጉድጓድ፣ የባርያ ገበያ፣ የጌታ ቤት፣ ወህኒ። ጠጅ አሳላፊው እንኳ ሕልሙን ከፈታለት በኋላ ረስቶት ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨምሮበታል። መፃጉዕ ሰው የለውም ነበር፤ ዮሴፍ ደግሞ “ሰው አገኘሁ” ሲል ያ ሰው ረሳው። የትኛው ይከብዳል?

በጲጥፋራ ቤት ግን ለዮሴፍ መሄጃ ተከፍቶለት ነበር። የጌታው ሚስት የለመነችው በየቀኑ ነው። እሺ ቢላት ወህኒ አይገባም፤ ምናልባትም ይሾማል። አባቱ ያዕቆብ ሩቅ ነው፤ አያየውም። ካህን የለም፤ አይገሥጸውም። ኦሪት እንኳ ገና አልተጻፈችም፤ አሥርቱ ትእዛዛት ለሙሴ የተሰጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዮሴፍ ግን ይህ ነገር በእግዚአብሔር ላይ የሚሠራ ኃጢአት መሆኑን ተናግሮ ልብሱን ጥሎ ሸሸ (ዘፍ. 39፥9-12)። ዋጋውስ ምን ሆነ? ወዲያው ዙፋን አላገኘም፤ ወህኒ ወረደ። “ታምኜ ምን አገኘሁ?” የምንል ሁሉ ይህችን ቦታ ደጋግመን እናንብባት።

ከዚያም አለፈለት። የንጉሥ ቀለበት በጣቱ፣ የወርቅ ዝርግፍ በአንገቱ ሆነ። ፈርዖንም ግብፃዊ ስም አወጣለት። መፃጉዕ የወደቀበት ፈተና፣ የማግኘት ፈተና፣ ለዮሴፍም መጣ ማለት ነው። ዮሴፍ ግን ልጆች በወለደ ጊዜ የግብፅን ስም አላወጣላቸውም። አንዱን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር ድካሙን ስላስረሳው። ሁለተኛውን ኤፍሬም አለው፤ በመከራው አገር ስላፈራው (ዘፍ. 41፥51-52)። ልጆቹን በጠራ ቁጥር ያወጣውን ጌታ ይጠራ ነበር። የሸጡትን ወንድሞቹንም ይቅር አለ። ሲሞትም ዐፅሙ በግብፅ እንዳይቀር አስማላቸው። በጉድጓድ የታመነ፣ በዙፋንም የታመነ፣ ዮሴፍ ይህ ነው።

ቤተ መንግሥቱን ትታ ግዞቱን የመረጠች

ምናልባት “እርሱ የድሮ ሰው ነው፣ አባት ነው” እንል ይሆናል። በእኛው አገር፣ በጣና ዳር የኖረች እናት አለችን፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ካቶሊክ እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገለጡ። ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላም ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ ታዘዘ። ብዙ ደም ፈሰሰ። ይህ ሁኔታ በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ እስኪመልሱና ልጃቸው ፋሲለደስ እስኪነግሡ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ወገን ነበረች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ ከንጉሡ የጦር አለቆች አንዱ ነው። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ዐርፈውባታል። እንግዲህ እርሷም ከሐዘን ላይ ነበረች። መሄጃ ግን ነበራት፤ ዝም ብትል የምትኖረው በክብር ነው። እርሷ ግን ቤቷን ትታ መነኰሰች። ሕዝቡም በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና ማስተማር ጀመረች። በንጉሡ ፊት ቀርባ ተመረመረች። ሐሳቧን ሊያስለውጧት ብዙ ሞከሩ። በመጨረሻም ዠበይ ወደሚባል በረሃማ ስፍራ ሦስት ዓመት ተጋዘች።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ከእርሷ ጋር የሚኖር የመጀመሪያው ማኅበር የተሰበሰበው በዚያው በግዞት ስፍራ ነበር። ሊያጠፏት የላኳት ቦታ የልጆቿ መሰብሰቢያ ሆነ። በኋላም ሃይማኖት ሲመለስና ሰላም ሲሆን “እንግዲህ አለፈልኝ” ብላ ወደ መኳንንቱ ኑሮ አልተመለሰችም። በጣና ዙሪያ ማኅበሯን እየመራች፣ እየጾመችና እየጸለየች እስከ ዕረፍቷ ድረስ ኖረች። ገድሏም ከዐረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ተጽፎልናል። በጭንቅ ጊዜ የጀመረችውን በሰላም ጊዜ አልጣለችውም።

የእኛ ዘመን መሄጃዎች

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር የተሠዉትን ወንድሞቻችንን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኑሮ ለማሸነፍ ከአገራቸው የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ክርስቲያን በመሆናቸው ተገደሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሰማዕታት ብላ ቆጥራቸዋለች። እኛን ግን አብዛኞቻችንን የሚጠይቀን ሰይፍ አይደለም። የሚጠይቀን የዓመታት ርዝመት ነው። ሰይፍ በአንድ ቀን ይጠይቃል፤ የኑሮ ችግር ደግሞ በየማለዳው ይጠይቃል። በሦስት በሮች በኩል ይጠይቀናል።

የመጀመሪያው በር የጠንቋይ ቤት ነው። ሕመሙ ሲጠና፣ ልጅ ሲጠፋ፣ ንግዱ ሲከስር “እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ” ይባላል። ማታ ተሸፋፍኖ የሄደ ሰው ጧት ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይቆማል። ወገኖቼ፣ ሳኦል ንጉሥ ሳለ ወደ መናፍስት ጠሪ የሄደው እግዚአብሔር ዝም ባለው ጊዜ ነበር (1ኛ ሳሙ. 28፥6-7)። የእግዚአብሔርን ዝምታ መቻል አቃተው። ዝምታው ግን እግዚአብሔር የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው በር ጥቅም ነው። “ማተብህን በጥስና ሥራው የአንተ ነው”፣ “እምነትሽን ለውጪና ጋብቻው ይሁን” የሚል ድምፅ ነው። የተራበን ሰው ከመፍረዳችን በፊት ግን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሲርበው የት ነበርን? ለዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው በር ማንም አያየውም፤ ቂም ነው። በእግዚአብሔር ላይ መቀየም። ይህ ሰው ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ጠንቋይም ቤት አልሄደም። ይጾማል፣ ያስቀድሳል። ውስጡ ግን “ይህን ሁሉ ዓመት ለምኜው አልሰማኝም” ብሎ ዘግቷል። አፉ ይጸልያል፣ ልቡ ግን ከሄደ ቆይቷል። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንዲህ ከሆነ ነገሩን ከእግዚአብሔር አትደብቁት። ኢዮብ ምሬቱን ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው፤ ከፊቱ ግን አልሄደም። እያለቀሱ መጠየቅ ክህደት አይደለም። ጀርባ ሰጥቶ ዝም ማለት ነው የሚያስፈራው።

እነዚህ በሮች ክፍት ሆነው ሳለ የማይገቡባቸው ስንት አሉ! በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ማተቧን ከልብሷ ሥር ደብቃ ትውላለች። ቤተ ክርስቲያን በአጠገቧ የለም፤ ቀኑን የምትቆጥረው በስልኳ ነው። ለቤቱ ሰዎች ሥጋውን ቀቅላ ታቀርባለች፣ እርሷ ግን በዳቦና በሻይ ጾሟን ትጾማለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ በኩሽናው ጥግ ቆማ “አባታችን ሆይ” ትላለች። ብትበላ ማን ያያታል? እንደ ዮሴፍ ናት፤ አባት የለ፣ ካህን የለ። በአገር ቤትም እንዲሁ አለ። አልጋ የያዘ ልጇን ለዓመታት ስታገላብጥ ኖራ ጧት ጧት ቅጽሩን ተሳልማ የምትመለሰውን እናት በየአጥቢያችን እናውቃታለን። ስብከት ስትሰማ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ሰባኪው ግን እርሷ ናት።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥቂቷን አንተው። ብዙ ዓመት የሚጸናው በአንድ ትልቅ ስእለት አይደለም። በየቀኑ በማትቀር ትንሽ ጸሎት ነው። ጉልበት ያለው ይስገድ፤ የደከመው ተቀምጦ ይጸልይ፤ ያም ያቃተው በአልጋው ላይ ሆኖ አንዲት “አቤቱ ማረኝ” ይበል። በሕመም ምክንያት መጾም ያልቻላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ በሽተኛ ልጇን እንዴት እንደምትይዝ ታውቃለች። ጠበል እየተጠመቃችሁም የሐኪም መድኃኒታችሁን አትጣሉ፤ የሐኪሙንም ጥበብ የሰጠ እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ መከራችንን ይዘን ወደ ንስሐና ወደ ሥጋ ወደሙ እንቅረብ። “ሲያልፍልኝ እቆርባለሁ” የሚል ብዙ ነው። ይህ “ስድን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ” እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለአንድ ሰው ሰው እንሁነው። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። መፃጉዕ ያጣው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚያነሣው ሰው ነው ያጣው። በዚህ ጾም ከምሳችን ያተረፍነውን ለማን ሰጠን? ከጎረቤታችን ስሙን መከራ የወሰደበት ሰው አለ። ሄደን በስሙ እንጥራው። የአንድ ሰው ሃይማኖት የአንድ እንጀራና የአንድ ሰዓት ጥየቃ ያህል ብቻ የቀረው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ መዳናችንን ቅድመ ሁኔታ አናድርገው። ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር እሳት ፊት ሲቆሙ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ። ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩ (ዳን. 3፥17-18)። ይህች “ባያድነንም” የእምነት ሁሉ ጫፍ ናት። “ይህ ጾም ሲያልቅ ችግራችሁ ሁሉ ይፈታል” ብዬ የመስበክ ሥልጣን አልተሰጠኝም። አንዳንዱ አልጋ በዚህ ዓለም ላይነሣ ይችላል። እሳቱ ውስጥ ግን ብቻቸውን እንዳልነበሩ መጽሐፍ ይነግረናል። እኛም ብቻችንን አይደለንም።

አምስተኛ፣ ስንድን እንጠንቀቅ። ምናልባት ዘንድሮ ሥራው ይገኝ ይሆናል፣ ልጁ ይወለድ ይሆናል፣ ሕመሙ ይለቅ ይሆናል። ይሁንልን! የዚያን ቀን የዳነች እጃችንን ምን እናደርግባታለን? ለመስጠት ትዘረጋለች? ለመስቀል ትማተባለች? ወይስ የጌታን ፊት ትመታለች? ሲያልፍልን ድሃ ዘመዳችንን የምንሸሽ፣ ሠራተኛችንን የምንበድል፣ ስእለታችንን የምንረሳ ከሆነ ለታናናሾቹ ያደረግነውን ለራሱ እንደተደረገ የሚቆጥረው እርሱ ነው (ማቴ. 25፥40-45)። እጃችን ፊቱ ላይ አርፋለች ማለት ነው።

ከመፃጉዕ እሑድ በኋላ ደብረ ዘይት ይከተላል፤ የጌታችንን ዳግም ምጽአት የምናስብበት ነው። ቀጥሎ ገብር ኄር ይመጣል፤ የታማኙ አገልጋይ ሰንበት ነው። አባታችን ቅዱስ ያሬድ ሰንበቶቹን እንዲህ አከታትሎ አዘጋጅቶልናል፤ በመጀመሪያ ሕመማችን፣ ከዚያ ጌታ የሚመጣበት ቀን፣ ከዚያ የታማኙ ደመወዝ። በሕመም ጀምረን በታማኝነት እንድንደርስ ነው።

በመከራቸው የታመኑትን ያጸና አምላክ እኛንም በችግራችን ያጽናን፤ በሚያልፍልንም ቀን ከመርሳት ይጠብቀን። የታመሙትን ይማርልን፣ የተሰደዱትን ለአገራቸው ያብቃልን፣ የተፈናቀሉትን ወደ ቀዬአቸው ይመልስልን፣ ያዘኑትን ያጽናናልን። የቀረውን ጾም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የጻድቁ የዮሴፍና የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።